ጃቫ የስታይልሺቱን ስህተት ሲደብቅባችሁ

እህቴ፣ የጭነት ሰነዶችን ከኤክስኤምኤል ወደ ኤችቲኤምኤል ስትቀይሪ ጃቫ «ስታይልሺቱን (የለውጡን ደንቦች የያዘውን ፋይል) ኮምፓይል ማድረግ አልተቻለም» ብሎ ዝም እንደሚልሽ ጽፈሻል። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ባለው የትራንዚት ቢሯችን እኔንም ያንገበገበኝ ይኸው መልእክት ነው። ሰነዶቹን አትነካኪ።

1. ከጃቫ ጋር የሚመጣው ኤክስኤስኤልቲ፣ ማለትም ስታይልሺቱን የሚያስኬደው ክፍል፣ ትክክለኛውን ምክንያት ብዙ ጊዜ የሚናገረው ለኤረር ሊስነር (ስህተቶችን ለሚቀበል የኮድ ክፍል) ነው። ሊስነር ካልመደብሽለት ወደ ስህተት መውጫው ይጽፈዋል፤ ሰርቨር ላይ ደግሞ ያንን የሚያይ የለም። የራስሽን ጻፊና ማስጠንቀቂያውንም፣ ስህተቱንም፣ ከባዱን ስህተትም ከነመስመር ቁጥሩ ሎግ (የፕሮግራሙ መዝገብ) ውስጥ አስገቢ። ስታይልሺቱን በሚያዘጋጀው ፋክተሪም፣ ለውጡን በሚያካሂደው ትራንስፎርመርም ላይ መድቢው፤ የመጀመሪያው የስታይልሺቱን፣ ሁለተኛው በለውጡ ጊዜ የሚፈጠረውን ስህተት ይይዛል።

2. ጥፋቱ የማን እንደሆነ በኤክስኤስኤልቲፕሮክ (xsltproc)፣ ያለ ጃቫ በትእዛዝ መስመር ስታይልሺትን በሚያስኬድ መሣሪያ፣ ለዪ። ይህን የተማርነው ዋጋ ከፍለን ነው። ፕሮግራሙን የሠራልን ድርጅት ሎጉን እንዲያሳየን ስንለምነው «ሰነዳችሁ ተበላሽቷል፤ ከላኪው አስተካክላችሁ አምጡ» እያለ ስልኩን ይዘጋብን ነበር። እኛም ጅቡቲ ላሉት ላኪዎች ደህናውን ሰነድ መልሰን እየላክን ተቀያየምን፤ ዕቃው ቆሞ የመጋዘን ኪራይ ይቆጥራል። በመጨረሻ ያንኑ ሰነድና ያንኑ ስታይልሺት በራሴ ኮምፒውተር፣ በትእዛዝ መስመር አስኬድኋቸው። ገጹ ንጹሕ ሆኖ ወጣ፤ የመውጫ ኮዱም (መሣሪያው ሲጨርስ የሚመልሰው ቁጥር) 0፣ ማለትም ያለ ስህተት፣ ነበር። 4 ወይም 5 ቢሆን ስታይልሺቱን፣ 6 ቢሆን ሰነዱን፣ 10 ቢሆን ስታይልሺቱ ራሱ በመልእክት ሥራውን ማቋረጡን በጠረጠርኩ። 0 ከሆነ ግን ጥፋቱ የፕሮግራሙ ሳይሆን አይቀርም! ይህንን አትሜ ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥ ነው ኮዱን የከፈቱት፤ በዚያ ሥራዬ ዛሬም እኮራለሁ። መሣሪያው የሚያውቀው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣውን ኤክስኤስኤልቲ 1.0 ነው፤ ከጃቫ ጋር የሚመጣውም ያው ስለሆነ አትቸገሪም።

የተገኘው ምን መሰለሽ? ስታይልሺቱ ሌላ ፋይል በአንጻራዊ አድራሻ (ከራሱ ቦታ ተነስቶ በሚቆጠር) ይጠራል፤ ፕሮግራሙ ግን ስታይልሺቱን ያለ ሲስተም አይዲ (ፋይሉ ያለበትን ቦታ የሚናገር አድራሻ) እንዲሁ እንደ ዳታ ጅረት ነበር የሚያነበው። ሰርቨሩ ላይ አቃፊው ሲቀየር የተጠራው ፋይል ጠፋበት። የአንቺም ይኸው ይመስለኛል፤ ስታይልሺቱን ለጃቫ በሚያቀርበው ስትሪም ሶርስ ላይ ሲስተም አይዲውን መድቢለት፤ የመስመር ቁጥሩም ከነፋይሉ ስም ይመጣልሻል። ካልሠራ ከሎጉ የመጨረሻውን ሳይሆን የመጀመሪያውን ስህተት እዚህ ለጥፊልኝ።