ጁሴፔ ሞታ፣ የስዊዘርላንድ ገለልተኝነት እና የኢትዮጵያ ጉዳይ፦ ለአንባብያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ባለፈው እትም ስለ ጄኔቫው የመንግሥታት ማኅበር በወጣው ጽሑፍ ውስጥ የስዊዘርላንዱ ፖለቲከኛ ጁሴፔ ሞታ ስም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተጠቅሶ ታልፏል። ስለ እሳቸው የደረሱንን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እንመልሳለን። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመተ ምሕረቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ሞታ አምስት ጊዜ ፕሬዚዳንት ሆነዋል ይባላል። አምስት ጊዜ ተወዳድረው አሸነፉ ማለት ነው? (የታሪክ መምህር፣ ከደሴ)

አይደለም። ይህን ለመረዳት መጀመሪያ የስዊዘርላንድን መንግሥት አሠራር ማየት ያስፈልጋል። «የፌዴራል ምክር ቤት» የሚለው ስም ብዙ አማርኛ አንባቢ ያሳስታል፤ እኛ ምክር ቤት ስንል ሕግ አውጪውን እናስባለን። የስዊዘርላንዱ ግን ሰባት ሰዎች ያሉበት ካቢኔ ነው። ሰባቱ በሥልጣን እኩል ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ መሥሪያ ቤት ይመራሉ።

የሚመርጣቸው ሕዝቡ ሳይሆን የሁለቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች የጋራ ጉባኤ ነው። ዛሬ ይህ ጉባኤ ከታችኛው ምክር ቤት 200፣ ከላይኛው 46፣ በድምሩ 246 አባላት አሉት። ድምፁ በምስጢር ይሰጣል፤ ወንበሮቹም አንድ በአንድ እንጂ በጅምላ አይሞሉም። ከሚቆጠረው ድምፅ ከግማሽ በላይ ያገኘ ይመረጣል፤ ካልተገኘ ምርጫው ይደገማል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዙሮች መራጩ የፈለገውን ስም መጻፍ ይችላል። ከሦስተኛው ዙር ጀምሮ ግን አዲስ ስም አይገባም፤ ትንሽ ድምፅ ያገኘው እየወጣ ይሄዳል። አንድ ጊዜ የገባን ሰው በአራት ዓመቱ የሥራ ዘመን መካከል ማውረድ አይቻልም፤ አብዛኛውን ጊዜ ወንበር የሚለቀቀው አባሉ ሲሞት ወይም በፈቃዱ ሲለቅ ነው።

ሞታም የገቡት እንዲሁ ነው። በኖቬምበር 1911 የፌዴራል ምክር ቤቱ አባል ዮሴፍ አንቶን ሾቢንገር ሞቱ፤ ዲሴምበር 14 ቀን ጉባኤው በቦታቸው ሞታን መረጠ። ያን ጊዜ ሞታ 40 ዓመት ሊሞላቸው 15 ቀን ቀርቷቸው ነበር። የተወለዱት በ1871 ጣሊያንኛ በሚነገርበት በቲቺኖ ካንቶን (ካንቶን የስዊዘርላንድ ፌዴሬሽን ክፍለ ግዛት ነው)፣ አይሮሎ በምትባል የተራራ ከተማ ነው። አይሮሎ 15 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የጎታርድ የባቡር ዋሻ በደቡብ በኩል የሚወጣባት ቦታ ናት። ሞታ ሕግ ተምረው ጠበቃ ሆኑ፤ በ1895 የካንቶኑ፣ በ1899 ደግሞ የአገሪቱ ታችኛው ምክር ቤት አባል ሆነዋል። ከቲቺኖ የሄደ ሰው በካቢኔው ውስጥ ከተቀመጠ 47 ዓመት አልፎ ስለ ነበር ምርጫቸው ለጣሊያንኛ ተናጋሪዎቹ ትልቅ ነገር ነበር።

ፕሬዚዳንትነቱስ? ከሰባቱ አንዱ ለአንድ ዓመት ብቻ ሰብሳቢ ይሆናል፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ መያዝ አይፈቀድም። በካቢኔው ውስጥ ረጅም ዘመን የቆየ ሰው ተራው ደጋግሞ ይደርሰዋል። ለሞታ በ1915፣ በ1920፣ በ1927፣ በ1932 እና በ1937 ደርሷቸዋል። እውነተኛው ሥልጣን ያለው በሚመሩት መሥሪያ ቤት ነው። ከ1912 እስከ 1919 ገንዘብን መሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጁን 1915 ለሕዝብ የቀረበው የአንድ ጊዜ የጦርነት ግብር 94.3 በመቶ ድጋፍ አግኝቷል፤ ግብር እንዲህ ሲወደድ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ከ1920 ጀምሮ እስከሞቱበት እስከ ጃንዋሪ 23 ቀን 1940 ድረስ ደግሞ የውጭ ጉዳዩን መሥሪያ ቤት ይዘዋል። ሰውየውን ማወቅ የሚፈልግ ከአምስቱ የፕሬዚዳንትነት ዓመታት ይልቅ እነዚህን 20 ዓመታት ቢመረምር ይሻላል።

ጥያቄ፦ ስዊዘርላንድ የመንግሥታት ማኅበርን የተቀላቀለችው በ56 በመቶ ድምፅ ከሆነ «ለጥቂት ነው ያለፈው» የሚባለው ለምንድን ነው? (ከዙሪክ)

ሁለት ቆጠራ ስላለ ነው። በሜይ 16 ቀን 1920 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 56.3 በመቶው ደግፏል፤ ሞታም ለዚህ ድምፅ አጥብቀው ተከራክረዋል። ነገር ግን ከሕዝቡ ብልጫ በተጨማሪ የካንቶኖች ብልጫም ያስፈልግ ነበር። በጊዜው አንድ ድምፅ ያላቸው 19 ሙሉ እና ግማሽ ድምፅ ያላቸው 6 ግማሽ ካንቶኖች ስለነበሩ የካንቶኖች ድምፅ በጠቅላላው 22 ነበር። ውጤቱ 11 ተኩል ለ10 ተኩል ሆነ። አንድ ግማሽ ካንቶን ብቻ ወደ ተቃዋሚው ወገን ቢዞር 11 ለ11 ይሆንና ሐሳቡ ይወድቅ ነበር፤ እኩል መውጣት ብልጫ አይደለምና። (ዛሬ የካንቶን ድምፅ 23 ነው፤ የጁራ ካንቶን በ1979 ተጨምሯል። የአሁኑን ቁጥር ይዘው የ1920ውን የሚያሰሉ ሰዎች ግራ የሚጋቡት በዚህ ነው።)

ከሕዝበ ውሳኔው ቀደም ብሎ፣ በፌብሯሪ 1920፣ የማኅበሩ ምክር ቤት ለንደን ላይ ለስዊዘርላንድ ልዩ ሁኔታ ፈቅዶላት ነበር፦ ከወታደራዊ ማዕቀብ ነፃ ትሆናለች፣ የውጭ ጦርም በምድሯ አያልፍም፤ በኢኮኖሚያዊ ማዕቀብ ግን ትሳተፋለች። ይህን የመጨረሻውን ቃል ያዙት፤ ለሚቀጥለው መልስ ቁልፉ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በ1928 ዓ.ም. ስዊዘርላንድ በጣሊያን ላይ ማዕቀብ ጥላ ነበር ወይስ አልጣለችም? አንዱ ጣለች፣ ሌላው አልጣለችም ይላል። (ከአዲስ አበባ)

ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው። ማኅበሩ በጣሊያን ላይ የወሰነው ማዕቀብ ከኖቬምበር 18 ቀን 1935 እስከ ጁላይ 15 ቀን 1936 ጸንቶ ቆይቷል። ዋናዎቹ ክፍሎች አራት ነበሩ፦ የጦር መሣሪያ፣ የብድርና የገንዘብ፣ ከጣሊያን ዕቃ ማስገባት፣ እና የተወሰኑ ዕቃዎችን ወደ ጣሊያን መላክ። ነዳጅ ዘይት ከመጀመሪያውም በዝርዝሩ አልነበረም።

ስዊዘርላንድ የገንዘቡንና የተወሰኑ ዕቃዎችን መላክ የሚከለክለውን ክፍል ተቀበለች። የጣሊያንን ምርት እጅግ የሚጎዳውን፣ ዕቃ ማስገባት የሚከለክለውን ክፍል ግን አልተቀበለችም፤ በምትኩ ንግዷ ከ1934ቱ መጠን እንዳያልፍ አደረገች። በለንደን ከገባችው ቃል አንጻር ሲታይ ይህ ጉድለት ነው።

የጦር መሣሪያው ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል። ስዊዘርላንድ ለጣሊያንም ለኢትዮጵያም መሣሪያ መላክን ከለከለች። ሞታ የተመረኮዙት የ1907ቱን የሄግ ስምምነት ነው። የስምምነቱ 9ኛ አንቀጽ ገለልተኛ አገር የሚጥለው ክልከላ በሁለቱም ተዋጊዎች ላይ እኩል እንዲሆን ያዛል። ሆኖም 7ኛው አንቀጽ ገለልተኛ አገር የመሣሪያ ንግድን የመከልከል ግዴታ እንደሌለበት ይናገራል። ክልከላውን ያመጣው የማኅበሩ አባልነት ነው፤ እኩል ያደረገው ገለልተኝነቱ ነው። ማኅበሩ ግን የፈለገው ወራሪው እንዲከለከል ብቻ ነበር።

በወረቀት ላይ እኩል የሆነው ነገር በጦር ሜዳ እኩል አልሆነም። ጣሊያን መድፉንም፣ አውሮፕላኑንም፣ ጥይቱንም በራሷ ፋብሪካ ትሠራለች። ኢትዮጵያ ዘመናዊ መሣሪያዋን የምታገኘው ከውጭ ገዝታ፣ የባሕር በር ስለሌላት ደግሞ በሌሎች ወደብ አሳልፋ ነው። በሠራዊቱ እጅ ከነበሩት እጅግ ጥቂት ፀረ አውሮፕላን መድፎች መካከል ኦርሊኮን የተባለው የስዊዘርላንድ ሥሪት ይገኝበታል። እንዲህ ያለ መድፍ ጥይቱ ሲያልቅ ብረት ብቻ ነው። ስለዚህ እኩል የተባለው ክልከላ የተጎዳው ወገን ላይ ወደቀ።

ጥያቄ፦ ስዊዘርላንድ የጣሊያንን ወረራ የተቀበለችው ገለልተኛ ስለሆነች ግድ ሆኖባት ነው የሚል አንብቤያለሁ። ትክክል ነው? (ከጄኔቫ)

ትክክል አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ይገባል። ገለልተኝነት በጦርነት ጊዜ ለአንዱ ወገን እንዳታግዝ ይከለክላል። በጉልበት የተያዘን አገር የያዘው መንግሥት ሕጋዊ ንብረት ነው ብለህ እወቅ የሚል አንቀጽ ግን የለውም። ስዊዘርላንድ በዲሴምበር 1936 ለጣሊያን ሉዓላዊነት በኢትዮጵያ ላይ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጠች፤ ንጉሠ ነገሥቱ በዚያችው አገር፣ በጄኔቫ፣ ቆመው አቤት ካሉ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ። ብሪታንያ ያወቀችው በ1938 ነው። ሜክሲኮ፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ጨርሶ አላወቁም።

የሞታ ምክንያት ጉርብትና ነው። ከጣሊያን ጋር ረጅም ድንበር አለ፣ ንግድ አለ፤ ራሳቸው ሞታ በሴፕቴምበር 1924 ከሙሶሊኒ መንግሥት ጋር ያሰሩት የዕርቅና የዳኝነት ውል አለ። የትውልድ ካንቶናቸውም የጣሊያን ወሰንተኛ ነው። ምክንያቱ ይገባናል፤ ምርጫ መሆኑን ግን አያስቀረውም። ሞታ እምቢ ማለትን የማያውቁ ሰው አልነበሩም፤ በሴፕቴምበር 1934 ሶቪየት ኅብረት ወደ ማኅበሩ እንዳትገባ በአደባባይ ተከራክረዋል፤ ተቃውመው ድምፅ የሰጡትም ስዊዘርላንድ፣ ኔዘርላንድና ፖርቱጋል ብቻ ነበሩ። በሜይ 1938 ደግሞ አገራቸውን ከኢኮኖሚያዊ ማዕቀብም ነፃ አስደረጉ። በ1920 ለሕዝቡ ያስረዱት ልዩ ገለልተኝነት በዚያ አበቃ።

ጥያቄ፦ በየመጻሕፍቱ የማገኛቸው ቀናት በአንድ ቀን ወይም በአንድ ዓመት ይለያያሉ። የትኛውን ልያዝ? (ተማሪ፣ ከጎንደር)

ስሕተቱ የሚመጣው ከሁለት ቦታ ነው። አንደኛው ዓመቱ ነው፦ ከአዲስ ዓመታችን እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይቀነሳል። ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ሰው የዲሴምበር 1936ን ዕውቅና 1928 ዓ.ም. ብሎ ይጽፋል፤ ትክክሉ ታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ነው። በጁን 30 ቀን 1936 የተደረገው የጄኔቫ ንግግር ግን ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ጳጉሜን ናት። ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ ይህ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ ፌብሯሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ኢትዮጵያ የማኅበሩ አባል የሆነችው ሴፕቴምበር 28 ቀን 1923 ነው። መስከረም 1ን ሴፕቴምበር 11 አድርጎ የቆጠረ 18 ይለዋል፤ ነገር ግን 1915 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለነበረች ቀኑ መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም.፣ ልክ የመስቀል ዕለት ነው። 1927 ዓ.ም.ም እንዲሁ ስለነበረ ወረራው የተጀመረበት ኦክቶበር 3 ቀን 1935 መስከረም 22 እንጂ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. አይደለም።