ሰርተፍኬት ወይስ ጫማ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምጽፍልዎት ከጣርማበር በታች ካለ አንድ ቀበሌ ነው። የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ዘንድሮ በልጉ ዘገየና ተራራው እንደ ጭድ ደረቀ። መጋቢት መግቢያ ላይ ከሰፈራችን በላይ ያለው ደን ተያያዘ። ማር ቆራጭ ነው የለኮሰው ይላሉ፤ ከሰል አክሳይ ነው የሚሉም አሉ። ሦስት ቀን ከሁለት ሌሊት ነደደ። ያጠፉት የእኛው ጎረምሶችና አባወራዎች ናቸው። 41 ሰው መዝግቤያለሁ። አንዱ ልጅ እግሩ ተቃጥሎ ይኸው ሦስት ሳምንቱ፣ እቤት ተኝቷል። እናቱ ቅቤ እየቀባችው ነው።

ለምስጋና ብለን 94 ሺህ ብር ሰበሰብን። ግማሹን የላኩት አዲስ አበባ ያሉ የአገራችን ልጆች ናቸው። ጭቅጭቁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኮሚቴው ሰንጋ ይገዛ፣ ሰርተፍኬትና ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት ይታደል ይላል። ወጣቶቹ ብሩን በነፍስ ወከፍ እንካፈለው ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ «የገዛ ቤቱን እሳት ላጠፋ ሰው ምን ምስጋና ያስፈልገዋል?» ብለው ተነሥተው ሄዱ። ለዳግማይ ትንሣኤ ልናደርገው አስበን ነበር። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ቅቤ አስጥልልኝ። ቅቤ ቁስሉን ያፍነዋል፣ ቆሻሻም ይሰበስባል። ሰው ሲቃጠል ወዲያው የሚያስፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ 20 ደቂቃ ያህል እያፈሰሱ ማቆየት። አሁን ያ ጊዜ አልፏል። በሦስት ሳምንት ያልዳነ ቃጠሎ ግን እቤት የሚታከም አይደለም። ዛሬ ነገ ሳትሉ ሐኪም ይየው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቁለት። ከ94 ሺው የመጀመሪያው ወጪ ይኼ ይሁን፤ ትራንስፖርቱም፣ መድኃኒቱም፣ አብራው ለምትሄደው እናቱ ምሳም ጭምር። ለዚህ ደግሞ ስብሰባ አትጥሩ።

ወደ ጭቅጭቁ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን የራሴን ላጫውትህ።

ወጣት ሳለሁ በዚያው በእናንተ አካባቢ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ነበርኩ። አንድ በጋ ላይ ከደብረ ሲና በላይ ያለው ገደል ተቃጠለ። እኔ ከተማ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ እሳት ማጥፋት ውሃ መድፋት ይመስለኝ ነበር። እዚያ ገደል ላይ ምን ውሃ አለ? ያለው ቅጠል ነው። እርጥብ የወይራ ቅርንጫፍ ዘንጥፈህ እሳቱን ትደበድበዋለህ። ሌላው በዶማና በአካፋ ሣሩን እየገፈፈ፣ አፈሩን እየገለበጠ መስመር ያወጣል፤ እሳቱ ሲደርስ የሚበላው እንዲያጣ። አስታ የሚባለውን የደጋ ቁጥቋጦ እርጥብ ነው ብለህ ትዘናጋለህ፣ ድንገት ቦግ ይላል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከቆላ የሚነሣው ነፋስ እሳቱን ሽቅብ ይዞት ይሮጣል። አንተ ከላይ ከሆንክ እሽቅድምድሙ ከአንተ ጋር ነው። ከታች ከሆንክ የሚነድ ግንድ እየተንከባለለ ይመጣብሃል። ጠፋ ብለህ ስትቀመጥ የጥዱ ጉቶ ውስጥ ውስጡን ሲጨስ ያድራል።

ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ኮንጎ ጫማ ነበር ያደረገው። በሁለተኛው ሌሊት «እግሬን ምን ያዘው?» አለ። ባትሪ አበራሁለት። ፕላስቲኩ ቀልጦ ተረከዙ ላይ ተጣብቋል። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ በቢላ ላጠው። እግሩን በነጠላው ቁራጭ ጠቀለለና ተመልሶ ገባ። አንድም ቃል አልተናገረም። እኔ ግን ያን ሌሊት ብዙ አወራሁ፤ ፈርቼ ነበር።

ከወር በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት የምስጋና ዝግጅት አለ ብሎ ጠራን። አዳራሽ፣ ለስላሳ፣ ብስኩት። ሰርተፍኬት ተሰጠኝ። ዛሬም ኮመዲኖዬ ውስጥ አለ፤ የአባቴ ስም ተሳስቶ ነው የተጻፈው። ከእኔ ቀድመው የወሰዱት እሳቱን አስፋልቱ ላይ ቆመው ያዩ ሰዎች ናቸው። ያ ሰውዬ አልተጠራም። ዝርዝሩ የተወጣጣው ከደመወዝ መዝገብ ነበራ! በኋላ ገበያ አገኘሁት። «ወረቀት ሰጡህ አሉ፤ እስቲ አሳየኝ» አለኝ። እንዳጋጣሚ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ገለባበጠው፣ በአውራ ጣቱ ዳበሰው። «ወፍራም ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ስለዚህ ሰርተፍኬት ሲባል ፊቴ ቢጠቁር አትፍረድብኝ።

ቲሸርቱ ደግሞ ከሰርተፍኬቱም ይብሳል። በየዝግጅቱ የሚታደለው ርካሽ ቲሸርት አብዛኛው ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር ሲግል ቀልጦ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፣ ልክ እንደዚያ ኮንጎ ጫማ። «ጀግኖቻችን» የሚል ጽሑፍ ደረቱ ላይ አድርጎ ለከርሞ እሳት ውስጥ የሚገባ ልጅ ይታይህ። የግድ ልብስ ይሁን ካላችሁ ጥጥ ይሁን። የበግ ጠጉር ቢሆን ደግሞ ከጥጥም ይሻላል፤ ቶሎ አይያዝም። የመንዝ ሰው ባናውን ለብርዱ ብሎ ሠራው እንጂ ለእሳቱም ይሆን ነበር።

ብሩን እንካፈል ያሉትን ወጣቶች አልቆጣቸውም። አስላሁት፤ ለአንድ ሰው 2 ሺህ 300 ብር እንኳ አይሞላም። አንዴ ዋጋ ከተቆረጠለት ግን ሰው ማስላት ይጀምራል። «ሦስት ቀን ከሁለት ሌሊት በዚች?» ይላል፣ እውነቱን ነው። ለከርሞ ጥሩምባ ሲነፋ ደግሞ «ዘንድሮስ ስንት ነው?» ይመጣል። ይልቅ ያጡትን አስቡላቸው። የበልግ ሰሞን ሦስት ቀን ጥማድ ማቆም ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ዕድሩ ደቦ ይጥራ። ተራራው ላይ ያልወጣ ሁሉ አንድ አንድ ቀን ይረስላቸው። ከተኛው ልጅ ማሳ ይጀመር። አዲስ አበባ ያሉት ልጆችም ፋሲካን ሊጠይቁ ከመጡ ሞፈር ይጨብጡ፣ ፎቶውም ያምርላቸዋል።

ተቆጥተው የሄዱትን ሽማግሌ መልሳችሁ ጥሯቸው። ግማሽ እውነት ይዘዋል። መንዝ ላይ የጓሳ ሣር የኖረው እኮ ቄሮ በሚባል የጥንት የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ነው። የአስቦና የጌራ አካባቢ ሰው በየራሱ አባ ቄራ፣ ማለት በጥበቃው አለቃ፣ ሥር ሆኖ ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ ይጠብቅ ነበር። ሲከፈት ለጎጆው ክዳን፣ ለገመዱ ያጭዳል። ድርሻ ያለው ሁሉ ጠባቂ ነበር ማለት ነው፤ ተመስጋኝና አመስጋኝ የሚባል ነገር አልነበረም። እንዲህ ከሆነ ግን ሽማግሌውን አንድ ነገር ጠይቅልኝ። ያን ሦስት ቀን ድርሻ ያለው ሁሉ ወጥቷል? ካልወጣ፣ ያልወጣው ለወጣው ዕዳ አለበት። የገዛ ቤቱ ሲቃጠል ውሃ ይዞ የደረሰን ጎረቤት እግዜር ይስጥልኝ የማይል ሰው ደግሞ እኛ አገር አላየሁም።

አሁን ወደ ዝርዝርህ። 41 ብለሃል፤ ጎረምሶችና አባወራዎች። ሴቶቹስ? ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ ማን አመላለሰ? በሶውን ማን በጠበጠ፣ ቆሎውን ማን ቆላ? በእኔ ጊዜ አንዲት እናት 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ያን ዳገት በቀን ሁለት ጊዜ ስትወጣው አይቻለሁ። ስንጠጣ ቆማ ትጠብቀንና ባዶውን ይዛ ትወርዳለች። እሷም ዝርዝሩ ላይ አልነበረችም። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲቃጠል ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡልን። እግዜር ይስጣቸው። ግን ዛሬም ወሬው ሲነሣ የሚነሣው ሄሊኮፕተሩ ነው። ቅጠል ይዞ ተራራው ላይ የከረመውን የአገሩን ገበሬ በስሙ የሚጠራው የለም። የእናንተን 41 ሰዎችና ሴቶቹን በስማቸው ጥሯቸው። ቤተ ክርስቲያን ሲለቀቅ፣ ሕዝቡ ሳይበተን፣ አንድ በአንድ። ወጪ የለውም።

ሰንጋው ይቅርባችሁ። ብዙውን ብር ጠራርጎ ይበላዋል፣ በማግስቱም የሚቀረው ቆዳው ነው። ሁለት ሦስት በግ ይበቃል፤ ጠላውና እንጀራው ከየቤቱ ይዋጣ። በሚተርፈው ጫማ ግዙ። ወፍራም ሶል ያለው የቆዳ ጫማ። ለሁሉም አይዳረስ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ፊት ከሚገቡት ጀምሩ። ጥቂት አካፋ፣ ዶማና ጀሪካን ጨምሩበት። ዕድር ቤት ከድንኳኑና ከድስቱ ጎን ይቀመጥ፤ ለሰርግ እንዳይወጣ ብቻ ቁልፉን አንተ ያዝ። ይኼ ሁሉ ከኅዳር በፊት ይለቅ፣ ሣሩ መድረቅ ሳይጀምር።

ዝርዝሩን እንደገና ጻፈው። በስሙ አንጻር የጫማ ቁጥር አስገባ። ሴቶቹንም ጻፍ። ሌሊት ተነሥቶ ጥሩምባ የነፋውንም እንዳትረሳ። ቁጥሩን የማያውቅ ካለ ወረቀት ላይ አቁመህ እግሩን በእርሳስ ዙርለት። ኮሚቴው ለሰርተፍኬት ብሎ የገዛው ወረቀት ካለ ለዚህ ይሆንሃል፤ ወፍራም ነው።