ሆርኑን ከማስረዘምህ በፊት አፉን ለካው

ወንድሜ፣ «ለ12 ኢንች ስፒከር 1 ሜትር ሆርን ሠራሁለት፤ ይጮኻል እንጂ ቤዙ አይወርድም፤ ላስረዝመው ወይ?» ላልከው፣ እኔም እዚያው ነበርኩ። ሆርን ማለት ከስፒከሩ ፊት ተገጥሞ ከጠባብ ጉሮሮ ወደ ሰፊ አፍ እየተከፈተ የሚሄድ የድምፅ መውጫ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ አፉ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ነበር። 100 ሄርዝ (በሰከንድ 100 ንዝረት) ላይ መስኮት ያንቀጠቅጣል። 40 ላይ ግን ጭጭ።

ጉዳዩ አፉ ነው። ድምፅ በሰከንድ 344 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የ40 ሄርዝ አንድ ሞገድ 8.6 ሜትር ይረዝማል። ሆርኑ ይህን ሞገድ በደንብ እንዲለቀው የአፉ ዙሪያ የሞገዱን ርዝመት ያህል መሆን አለበት። ክብ ቢሆን ከዳር እስከ ዳር 2.7 ሜትር መሆኑ ነው። የት ይገባል?

መላው የክፍል ጥግ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ ሆርኑን ይቀጥሉልሃል። የሚያስፈልገው የአፍ ስፋት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ከ5.9 ወደ 0.74 ካሬ ሜትር ማለት ነው። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ የሠራው ዝነኛ ሆርንም ጥግ የሚወደው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ርዝመቱ። ለ40 ሄርዝ ሆርኑ በየ47 ሴንቲ ሜትሩ ስፋቱ (በካሬ ሜትር የሚለካው) እጥፍ እየሆነ ይከፈታል። የስፒከርህ ኮን (የሚንቀጠቀጠው ሾጣጣ ክፍል) 530 ካሬ ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ጉሮሮውን በግማሹ ብትጀምረው፣ እዚያ አፍ ለመድረስ 2.3 ሜትር ያህል ይፈጃል። አጣጥፈህ ትሠራዋለህ። አፉን ሳታሰፋ ርዝመቱን ብቻ ብትጨምር ግን ቱቦ ነው የምትሠራው፦ አንዱ ኖታ ያገሳል፣ ቀጣዩ ይጠፋል።

ማግኔቱ ደካማ በሆነ ስፒከር አትልፋ። እኔ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ አባክኜበታለሁ።

ከሁሉ ያናደደኝ የአየር ማፈትለክ ነው። ሁለተኛው ሆርኔ ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ «ፍስስ» ይል ነበር። ስፒከሩ ተበላሸ ብዬ ፈታሁት፤ ደህና ነው። በኋላ 40 ሄርዝ ለቅቄ ሻማ በየመገጣጠሚያው አዞርኩ። ከስፒከሩ ጀርባ ያለው ሳጥን ክዳን ጋ ስደርስ እሳቱ ተወዛወዘ። ብሎን ብቻ ነበር ያሰርኩበት፣ እኔ ሰነፉ! ዙሪያውን ስፖንጅ አነጠፍኩለትና አለቀ።

ከ35 ሄርዝ በታች ያለውን በፊልተር (በድምፅ ማጣሪያ) ቁረጠው። እዚያ ሆርኑ ኮኑን ስለማይጫነው ከልክ በላይ ይወዛወዛል። ድምፁም 2.3 ሜትር ተጉዞ ስለሚወጣ 7 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። የላይኞቹን ስፒከሮች ያን ያህል ካላዘገየሃቸው፣ የሚገናኙበት ፍሪኩዌንሲ ላይ እርስ በርስ ሊጠፋፉ ይችላሉ።

በር የማይከፈትበት ጥግ አለህ? ልኩን ጻፍልኝና አስተጣጠፉን አብረን እናየዋለን።