መልስ፦ ያለ መኪና ሦስት ቀን በኮትስዎልድ

የእንግሊዝን የኮትስዎልድ ገጠር ያለ መኪና በእግር ለማየት ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ቺፒንግ ካምደን ከምትባለው ከተማ። ከዚያ የሚነሳው የእግር መንገድ፣ ኮትስዎልድ ዌይ፣ 164 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሦስት ቀን ልጨርሰው ብለሽ እንዳትሞክሪ።

1. ከለንደን ፓዲንግተን በባቡር ሞርተን ኢን ማርሽ ውረጂ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ቺፒንግ ካምደን። የዕለቱ እግር ጉዞ እስከ ብሮድዌይ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ።

2. ከብሮድዌይ ዊንችኮም፣ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከባዱ ቀን ይኼ ነው። መንገድ ላይ ያለችው ስታንተን መንደር ላይ ግን አትቸኩዪ፤ ማር የመሰለ ድንጋይ ቤቶቹን ሳላይ መጥቼ ቢሆን ይቆጨኝ ነበር።

3. ክሊቭ ሂል የሚባለውን ኮረብታ ወጥተሽ በአውቶቡስ ቼልተንሃም፣ ከዚያ ባቡር።

መንገዱ ሲምታታብሽ በየምሰሶው ላይ ያለችውን የኦክ ዛፍ ፍሬ ምልክት ፈልጊ።

ምሳ ቋጥረሽ ሂጂ። እኔ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ጭቃ በጭቃ ሆኜ አንድ ፐብ (መጠጥና ምግብ ቤት) ስደርስ ወጥ ቤቱ ተዘግቷል፣ እስከ ምሽቱ 12 አይከፈትም አሉኝ። እራቴ እስኪደርስ በአንድ ከረጢት ቺፕስ ዋልኩ።