ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል የዓመት ትኬት ልግዛ ወይ ላልከው ወንድም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ከሌሊት ሥራ ስወጣ አነበብኩት። ልጅህ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። «አባባ፣ አብረን እንይ» እያለ የዓመት ትኬት እንድትገዛ ወጥሮ ይዞሃል። አንተ ደግሞ ቡድኑ ሁለት ዓመት በተከታታይ 4 አሸንፎ 8 መሸነፉን ሰምተህ «ይሄ አሰልጣኝ፣ ማይክ ሎክስሊ፣ ለምን አይባረርም? ትኬቱንስ ልግዛ ወይስ እስኪባረር ልጠብቅ?» ብለሃል። ከሥር የመለሱልህ ሰዎች «ተወው፣ በብሩ ሥጋ ብላበት» እያሉ ቀልደው አለፉ። እኔ ግን የተቃጠልኩበት ነገር ስለሆነ ትንሽ ላስረዝምብህ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልንገርህ፣ «ይቺ ደግሞ ከየት መጣች» እንዳትል። ልጄ እዚያው ነው የተማረው። ተጫዋች አልነበረም፤ ማርሺንግ ባንዱ (ጨዋታ ላይ እየተራመደ የሚጫወተው የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃ ቡድን) ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። የባንድ ወላጅ ደግሞ ቡድኑ 40 ነጥብ ቢቆጠርበትም ከወንበሩ አይነሳም። ልጁ መጨረሻ ላይ ሳይነፋ የት ይሄዳል? ልጄ ተመርቆ ሥራ ያዘ፣ እኔ እዚያው ቀረሁ። ዩኒቨርሲቲው ባለበት በኮሌጅ ፓርክ፣ ስታዲየሙ ውስጥ በቀይ ሹራብ ላይ ነጠላ ጣል አድርጋ ዳኛ የምትሳደብ ሴት ካየህ እኔ ነኝ። ሰላም በለኝ።

በቁጥር ልሞክረው።

1. በኦገስት የዓመት ትኬት አትግዛ። በሴፕቴምበር ደግሞ ጭራሽ እንዳትነካው።

የሜሪላንድ ሴፕቴምበር ያላሞኘው ሰው የለም። በ2021 የመጀመሪያዎቹን አራት ጨዋታዎች አሸነፉ። ኦክቶበር 1 ቀን አርብ ማታ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ቡድን መጣና በገዛ ሜዳችን 51 ለ14 አደረገን። በ2023 አምስቱንም አሸነፉ። «ዘንድሮስ» አልን። ከዚያ ኦሃዮ ስቴት፣ ኢሊኖይ፣ ኖርዝዌስተርንና ፔን ስቴት ተራ በተራ ቀጠቀጡን። በ2025 ደግሞ የባሰው መጣ። አራቱን አሸነፉ፣ ያውም አራተኛውን ዊስኮንሲን ድረስ ሄደው 27 ለ10። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው መሪ ተጫዋች) ማሊክ ዋሺንግተን ያኔ ገና አንደኛ ዓመት ነበር፣ የሜሪላንድ ልጅ ነው፣ ሲወረውር ደስ ይላል። ቀጥሎ የዋሺንግተን ዩኒቨርሲቲ ወደ እኛ መጣ። 20 ለ0 እየመራን ነበር። 20 ለ0! ከጎኔ የነበሩ ሰዎች ትራፊክ እንዳይዛቸው ብለው በደስታ መውጣት ጀምረው ነበር። 24 ለ20 ተሸነፍን። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድም ጨዋታ አላሸነፉም። ስምንት በተከታታይ።

ምክንያቱ ድብቅ አይደለም። መጀመሪያ ላይ የሚገጥሙት ቡድን ደካማ ነው፣ ቀለል ያለ ዝግጅት ይበቃዋል። ከዚያ የሊጋችን የቢግ ቴን ጨዋታ ይጀምራል። ሜሪላንድ ወደዚህ ሊግ የገባው በ2014 ነው፣ የቴሌቪዥኑን ገንዘብ ፍለጋ። ገንዘቡ መጣ፣ ኦሃዮ ስቴትም አብሮ መጣ። እስከ ዛሬ ኦሃዮ ስቴትን አንድ ጊዜ እንኳ አላሸነፍንም። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ሊጉ 18 ቡድን ሆኖ ልጆቹ እስከ ሎስ አንጀለስ እየበረሩ ነው የሚጫወቱት። የመጀመሪያ ተሰላፊዎቹ ጥሩ ናቸው፤ አንዱ ሲጎዳ የሚተካው ነው የሌለው።

ስለዚህ ዋጋው በሴፕቴምበር ተስፋ ይሰቀላል፣ በኖቬምበር ብስጭት ይወርዳል። አንተ የአንድ ጨዋታ ትኬት በኖቬምበሩ ግዛ። ብርዱን ቻል።

2. ልጅህ ትኬት አያስፈልገውም።

ተማሪ የሚገባው በተማሪነቱ ነው። ነፃ ነው ይሉሃል፤ የትምህርት ክፍያው ወረቀት ላይ ዝቅ ብለህ ብታነብ የአትሌቲክስ ክፍያ የሚል መስመር አለ፣ ከፍለኸዋል። ሌላው ነገር፣ ቅር እንዳይልህ፣ ልጅህ «አብረን እንይ» ያለህ ገና ጓደኛ ስላላፈራ ነው። ትንሽ ሲቆይ ተማሪዎቹ ጋ ሄዶ ፊቱን ቀይ ተቀብቶ ታገኘዋለህ። አንተ አጠገብህ ባዶ ወንበር ይዘህ ትቀራለህ። ትልቋ ልጄ እንደዛ አድርጋኛለች። ለሁለት ሰው የዓመት ትኬት የሚገዛ አባት በጣም ያሳዝነኛል።

3. ትኬት ከማን እንደምትገዛ እወቅ።

እዚህ ጋ ታገሰኝ፣ ደሜ ይፈላል። ከዊስኮንሲኑ ድል በኋላ ባለቤቴ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲጎረጉር አመሸ። እኔ ሥራ ላይ ነኝ። የቀሩትን አራት የሜዳችን ጨዋታዎች ማለትም ዋሺንግተን፣ ኔብራስካ፣ ኢንዲያና እና ሚሺጋንን ትኬት መልሶ ከሚሸጥ አንድ ድርጅት ለአራት ሰው ጠቅልሎ ገዛ። ስገባ «ሰርፕራይዝ!» አለኝ። ዋጋውን ሳየው ቦርሳዬን አላስቀመጥኩም ነበር፣ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

የሦስቱ ጨዋታዎች ትኬቶች በሰዓታቸው ስልኩ ላይ ገቡ። ለሚሺጋኑ የባለቤቴ ወንድም ከነሚስቱ ከአትላንታ መጣ። ጠዋት ስልኩን እናያለን፣ የለም። ቁርስ በላን፣ የለም። እዚያ ደርሰን መኪና አቁመን፣ ጥብሱን ከፎይል እያወጣን ፓርኪንጉ ላይ ስንበላ አሁንም የለም። በሩ ጋ ስንደርስ ኢሜይል ገባ፦ ሻጩ ትኬቱን ማቅረብ አልቻለም፣ ለሚቀጥለው ግዢ የሚሆን ክሬዲት ሰጥተናችኋል። ደወልኩ። ልጅቷ ድምፅዋን ሳትቀይር «ደንቡን ሲገዙ ተስማምተዋል፣ ማዳም» አለችኝ። እንግዶቼ ውጭ ቆመዋል አልኳት። «ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ?» አለችኝ። እስቲ አሁን ይሄ መልስ ነው?

አየህ፣ ሻጩ ትኬቱ ጭራሽ እጁ ላይ አልነበረም። ዋጋው ይወርድልኛል ብሎ የሌለውን ሸጠ፣ ሚሺጋን ስለሆነ ግን ዋጋው አልወረደለትም። በሜሪላንድ ሕግ ይሄ ከጁላይ 1, 2024 ጀምሮ ክልክል ነው፤ እጅህ ላይ የሌለ ትኬት መሸጥ አትችልም። ይህንን በጽሑፍ አስቀምጬ፣ ኢሜይሉን ስክሪንሾት አድርጌ፣ የሰዓቱን ማስረጃ ይዤ ወደ ክሬዲት ካርዱ ባንክ ዲስፒውት (የክፍያ መቃወሚያ) አስገባሁ። ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ክፍልም አቤቱታ ላክሁ። ድርጅቱ ክሬዲቱን ከፍ አድርጎ ሊያባብለኝ ሞከረ። ክሬዲት አልበላም አልኩ። ገንዘቡ እስከ ሳንቲሙ ተመለሰ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ በሰው ፊት «ጠበቃዬ» ነው የሚለኝ።

ስለዚህ በዴቢት ካርድ አትግዛ፣ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ በሚልከው መተግበሪያ) ጭራሽ አትላክ። በክሬዲት ካርድ ግዛ። ትኬቱ ቶሎ ስልክህ ላይ ካልገባ መቀመጫው ቁጥር አለው ወይ ብለህ ጠይቅ። ረድፍና ወንበር የሌለው ትኬት የሰው ምኞት ነው።

ለነገሩ ያን ቀን ሚሺጋን 45 ለ20 አሸነፈን። አንዷ ጓደኛዬ «ድርጅቱን ልታመሰግኑ ይገባ ነበር» አለችኝ። አልሳቅሁም።

አራተኛው ምን ነበር? ተወው ቁጥሩን። ወደ አሰልጣኙ ልምጣ፣ ዋናው ጥያቄህ እሱ ነውና።

እኛ ያደግነው ቡድን ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ «አሰልጣኙ ይውረድ!» እያሉ ሲጮሁ እየሰማን ነው፣ በማግስቱም ይወርዳል። እዚህ እንደዚያ አይሠራም። እዚህ የሚያወርደው ውሉ ነው። ኦክቶበር 2025 ላይ ጎረቤታችን ፔን ስቴት አሰልጣኙን ጄምስ ፍራንክሊንን ሲያባርር ውሉ ላይ የቀረው ዕዳ ወደ 49 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2023 ጂምቦ ፊሸርን ሲያሰናብት ከ75 ሚሊዮን በላይ ነበር የተባለው። እነሱ ይህን ገንዘብ የሚያዋጡ ባለጠጎች አሏቸው። የእኛ ባለጠጎች የቅርጫት ኳስ ነው የሚወዱት። በዚያ ላይ ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስለዚህ አንድ ዶላር ለተባረረ አሰልጣኝ ከሄደ ለኳርተርባክ አይቀርም። ኖቬምበር 2025 ላይ የስፖርት ዳይሬክተሩ ጂም ስሚዝ ማይክ ሎክስሊ በ2026ም ይቀጥላል ብለው የወጡት ለዚህ ይመስለኛል። የፈለግኸውን ያህል ጩህ፣ ሒሳቡ አይሰማህም።

ፍራንክሊን ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር፣ አዲስ ደጋፊዎች አታውቁትም። ይሄ ሰውዬ የእኛ ነበር። ራልፍ ፍሪጀን አሰልጣኝ ሳለ ተተኪው ተብሎ በይፋ ተሰይሞ ነበር። ሳይተካ በ2010 መጨረሻ ወደ ቫንደርቢልት ሄደ። ሜሪላንድ በዚያው ሰሞን ፍሪጀንንም አባረረው። ያን ዓመት 9 አሸንፎ 4 ነው የተሸነፈው፣ ያኔ የነበርንበት ሊግ የዓመቱ አሰልጣኝም ተብሎ ነበር! ስታዲየሙ አይሞላም ተባለ። ራንዲ ኤድሰልን አመጡ። በመጀመሪያ ዓመቱ 2 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» የሚሉ የድሮ ደጋፊዎች ይሄንን ነው የሚያስታውሱት።

እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ኢንዲያናን እይ። በ2023 3 አሸንፎ 9 የተሸነፈ፣ ከእኛ በታች የሚባል ቡድን ነበር። ከርት ሲግኔቲ የሚባል ሰው አመጡ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ 11 አሸነፈ። በሁለተኛው እዚህ መጥቶ 55 ለ10 አድርጎን ሄደ፣ ከዚያም አንድም ሳይሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ ፀጉሩ በረዶ የመሰለ ፈረንጅ፣ 55ኛው ነጥብ ሲገባ ኮፍያውን አውልቆ «እነሱ ከቻሉ እኛስ?» አለ። ማንም አልመለሰለትም።

ስለ ሎክስሊ ፍትሐዊ ልሁን። የዲሲ ልጅ ነው፣ ባሉ ሃይስኩል ነው የተማረው። ከ2021 እስከ 2023 ሦስት ቦውል (በዓመቱ መጨረሻ የሚደረግ ልዩ ጨዋታ) በተከታታይ አሸንፏል፣ ቨርጂኒያ ቴክን 54 ለ10፣ ኦበርንን 31 ለ13። ታውሊያ ታጎቫይሎዋ ኳርተርባክ ሳለ ቡድኑ ያምር ነበር። ደግሞም ሥራውን የተረከበው በምን ሰዓት እንደሆነ አትርሳ። በ2018 ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት ተጫዋች ልምምድ ላይ ሙቀት መቶት ሞተ። አሰልጣኙ ዲጄ ደርኪን ታግዶ ቆይቶ ኦክቶበር 30 ቀን ወደ ሥራው ይመለስ ተባለ፤ ተማሪው፣ ወላጁ፣ ፖለቲከኛው ሁሉ ተነሣ፣ በማግስቱ ተባረረ። እዚህ ጩኸት አሰልጣኝ ሲያወርድ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው፣ ያ ደግሞ የኳስ ጉዳይ አልነበረም። የልጅ እናት ነኝና ያን ዓመት ስታዲየም መግባት ከብዶኝ ነበር። ሎክስሊ ያን ቤት ነው ያረጋጋው። ለዚህ አከብረዋለሁ። 20 ለ0 እየመራ ለተሸነፈበት ግን ይቅር አልለውም፤ ሁለቱም በአንድ ልብ ይኖራሉ።

እና ምን አድርግ? የዓመት ትኬቱን ተወው። ፕሮግራሙ ሲወጣ አንድ የኖቬምበር የሜዳ ጨዋታ ምረጥ፣ ከትልልቆቹ ስም ጋር ባይሆን ይመረጣል። ለአንተና ለባለቤትህ ብቻ ግዛ፣ ከዩኒቨርሲቲው ከራሱ። ግልጽ ፕላስቲክ ቦርሳ ያዝ፣ ሌላ ቦርሳ በሩ ላይ ይመልሱሃል። ሜትሮው የግሪን ላይን ኮሌጅ ፓርክ ጣቢያ ያወርድሃል፤ የእግር መንገዱ አጭር አይደለም፣ ጫማህን አስብ። ልጅህ እረፍት ላይ መጥቶ ሰላም ካለህ ዕድለኛ ነህ።

አሰልጣኙ ይባረር አይባረር የሚለውን ለኦክቶበር አቆየው። እስከዚያ አራት አሸንፈው አንድም ሳይሸነፉ ስታያቸው በዚህ ግሩፕ «ዘንድሮ ግን ይለያል» ብለህ እንዳትጽፍ፣ ይቀልዱብሃል። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ ልጅህ መሣሪያ ይጫወታል? ባንዱ ውስጥ ከገባ ሌላ ምክር አለኝ፣ ኢንቦክስ አድርግልኝ።