ፎገራ ላይ የሩዝ ሙከራ ለምትጀምሩ

ዘንድሮ ከባሕር ዳር ወደ ፎገራ ሜዳ ሙከራ ይዛችሁ ለምትወርዱ ወጣት ተመራማሪዎች አንድ አደራ አለኝ፤ ገበሬው የሚለካውን ሁሉ እናንተም ለኩ። ምርት በሄክታር ብቻ ጽፎ የሚመለስ ሰው ሥራውን ግማሽ መንገድ ላይ ትቶታል።

ኤክስ ጅግና ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ወደ ፎገራ የመጣ የሩዝ ዝርያ ነው። ከእሱ ወዲህ ብዙ ዝርያ ተለቋል፤ ገበሬው ግን ነጭነቱን ወዶ፣ ከጤፍ ጋር ለእንጀራ እየቀላቀለው፣ ቶሎ አልተወውም። ስለዚህ ማነጻጸሪያችሁ ባለማሳው ራሱ የሚዘራው ዘር ይሁን። አጠገቡም ጭዱን መዝኑ። ከብት ያለው ሰው አጭር አገዳ ያለውን ዝርያ ምርቱ ቢበልጥም ላይቀበለው ይችላል፤ ልክም ነው።

አንዱ ዝርያ የሚዘራበትን መደብ 5 ሜትር በ4 ሜትር አድርጉና እያንዳንዱን በጭቃ ግድብ ለዩት። ሜዳው ላይ ውኃ ከመደብ ወደ መደብ ስለሚፈስ፣ ግድብ ከሌለ የአንዱ ዩሪያ ታጥቦ ጎረቤቱን ያበላዋል፤ ያኔ የማዳበሪያ ሙከራችሁ ከንቱ ነው። ዝቅ ያለው ወገን ውኃ ስለሚያቁር፣ ሁሉም ዝርያ በከፍተኛውም በዝቅተኛውም ወገን በዕጣ ይደልደል፤ ቢያንስ 3 ድግግሞሽ ይኑረው፤ ማለትም እያንዳንዱ ቢያንስ በ3 መደብ ይዘራ። ለባለማሳው የሚያምረውን ጥግ ለአዲሱ ዝርያ መስጠት ራስን ማታለል ነው።

ስታጭዱ ከየዳሩ ግማሽ ሜትር ተዉ፤ ዳር ያለ ተክል ብርሃንም ምግብም ስለሚያገኝ ያሳስታል። የሚቀራችሁ 12 ካሬ ሜትር ነው። እርጥበት ሳይለካ ግን ሚዛን ላይ አታውጡ። ከዚህ መደብ 5.4 ኪሎ ወጣ እንበል፤ እንዲሁ ሲሰላ በሄክታር 45 ኩንታል ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ልክ፣ ወደ 14 በመቶ እርጥበት፣ አምጡት፦ እርጥበቱ 20 በመቶ ከሆነ 5.4ን በ80 (100 ሲቀነስ 20) አባዙና ለ86 (100 ሲቀነስ 14) አካፍሉ፤ 5.02 ኪሎ ይሆናል፤ ወደ 42 ኩንታል ማለት ነው። ልዩነቱ 3 ኩንታል ውኃ ነው። ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ እርጥብ እንደሆነ ሲመዘን ያሸነፈ የሚመስለው በዚህ ነው።

የመድረሻ ቀኑንም አጥብቃችሁ ያዙ። ዘግይቶ የሚያሸት ሩዝ የጥቅምት ብርድ ያገኘዋል፤ ዛላው ከቅጠል ሽፋኑ በቅጡ ሳይወጣ ይቀራል፣ ፍሬውም ባዶ ይሆናል። ከዚህም ሌላ፣ ከሩዝ በኋላ በቀሪው እርጥበት ጓያ ወይም ሽምብራ የሚዘራ ሰው አለ። ሁለት ሳምንት የዘገየ ዝርያ ሁለተኛውን ሰብል ይበላበታል፤ ይህን ኪሳራ ከጨመረው ምርት ላይ ቀንሱ።

በመጨረሻ ወፍጮ ቤት ሂዱ። ከየዝርያው እኩል ኪሎ አስፈትጉ፤ ከተፈተገው 100 ግራም ወስዳችሁ ሙሉውንና ስባሪውን ለዩና መዝኑ። ከዚያ በፊት አደራረቁ ለሁሉም አንድ ይሁን፦ ሸራ ላይ ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየተገላበጠ፣ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው እየተሸፈነ። በፍጥነት የደረቀ ወይም ደርቆ መልሶ የረጠበ ፍሬ ውስጡ ይሰነጠቅና ሲፈተግ ይሰበራል፤ ጥፋቱም የዝርያው ይመስላል።

ውጤቱን ለባለማሳዎቹ ከግንቦት በፊት፣ በኩንታልና በብር አስልታችሁ ንገሯቸው፤ የሰኔን ዘር የሚያዘጋጁት ያኔ ነው።