ትርፍ ጣት ከየት ይመጣል? ጥያቄና መልስ

ከወሎ ከተሞች ስለ እጅና እግር አፈጣጠር ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች።

ከደሴ፦ መምህር፣ ለእጅ ብቻ የተመደበ ጂን አለ?

የለም። ቲ ቢ ኤክስ 5 የሚባለው ጂን እጅን ያስጀምራል፤ ልብም ሲሠራ ያስፈልጋል። ስለዚህ አውራ ጣቱ ጎድሎ ለተወለደ ሕፃን ልቡም ይመርመርለት።

ከወልዲያ፣ አዋላጅ ነርስ፦ በትንሿ ጣት በኩል ያለ ትርፍ ጣት በክር ቢታሰር ችግር አለው?

ዳስሰሽ አጥንት ካገኘሽበት በፍጹም አይታሰር። ክሩ ደም ይዘጋል እንጂ አጥንት አይቆርጥም፤ ይቆስላል፣ ያመረቅዛል። በቀጭን ቆዳ የተንጠለጠለውንም ቢሆን ባለሙያ ያስወግደው። ይህ ዓይነቱ በአፍሪካውያን ዘንድ የተለመደ ነው፤ በዘር ይተላለፋል፣ አንዳንዴም ትውልድ ይዘላል።

ከዚያው፦ በአውራ ጣት በኩል ከሆነስ?

መንስኤው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። እጅ በ4ኛው ሳምንት ከፅንሱ ጎን በሚወጣ እምቡጥ ይጀምራል። በእምቡጡ የትንሿ ጣት ጥግ ላይ ሶኒክ ሄጅሆግ የሚባል ጂን ይሠራል፤ አውራ ጣት የሚበቅለው ፕሮቲኑ በማይደርስበት ወገን ነው። ጂኑን በእጅና በእግር የሚያበራው ማብሪያ ዜድ አር ኤስ ይባላል። ርዝመቱ 800 ያህል የዲኤንኤ ፊደል ሲሆን ከጂኑ 1 ሚሊዮን ያህል ፊደል ርቆ በሌላ ጂን ውስጥ ይገኛል። ከፊደሎቹ አንዷ ብትለወጥ እንኳ ጂኑ በአውራ ጣት በኩልም ሊበራ ይችላል፤ ትርፉ ጣት ከዚያ ይመጣል። ማብሪያው ከአይጥ ሲወገድ ጂኑ ሙሉ ሆኖ ሳለ ጣቶቹ ይጠፋሉ፤ አንጎል ግን የራሱ ማብሪያ ስላለው አይነካም። ጂኑን ብቻ የሚያነብ ምርመራ «ደህና ነው» ቢል አያስደንቅም።

ከኮምቦልቻ፣ የባዮሎጂ መምህር፦ እምቡጡን ለተማሪ ማሳየት ይቻላል?

በእንቁላል ይቻላል። ከአውራ ጋር ከዋለች ዶሮ ይሁን፤ የሱቅ እንቁላል ባብዛኛው ፅንስ የለውም። በጎኑ አስተኝተው በ37.5–38 ዲግሪ ያቆዩት። በ3ኛው ቀን፣ መጀመሪያ ከሰፊው ጫፍ 3 ሚሊ ሊትር ያህል ነጩን በሲሪንጅ ይሳቡ፣ ከዚያ ከላይ በኩል ቅርፊቱን ይክፈቱ። ሳይስቡ ከከፈቱ ፅንሱ ከቅርፊቱ ስር ስለሚሆን መቀሱ የደም ሥሩን ይበጥሳል። መብራት ከጠፋ እድገቱ ይዘገያልና ሰዓት አይቁጠሩ፤ ቅርጹን ይዩ።

ከሐይቅ፦ የዳክዬ ጣት ለምን በቆዳ ተያያዘ?

በዶሮ እግር ቢ ኤም ፒ የተባሉ ፕሮቲኖች በጣቶች መካከል ያሉትን ሴሎች እንዲሞቱ ያዛሉ። ዳክዬ በዚያ ቦታ ግሬምሊን የተባለ ጂን ስለሚያበራ ትእዛዙ ይታገዳል፤ ቆዳው ይቀራል።